ስለ ጅራቱ ለጠየቅሽኝ

ጥር 12

ለእህቴ ልጅ ለፌንጣ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ንድፍሽ እስኪደርሰኝ ድረስ ደህና ነበርኩ።

ስልክ ለምን እንደማላነሳ ለጠየቅሽኝ፦ አርባ ዓመት ላሜራ ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ጆሮ የሚያስፈልገው መነጽር ለማንጠልጠል ብቻ ነው። ባለፈው ስትደውዪ የሰማሁት ንብ የገባበት ጠርሙስ ነበር። ስለዚህ ጻፊልኝ። ሲጻፍ ደግሞ ቁጣሽ በመንገድ ላይ በርዶ ይደርሳል።

ሥራውን እቀበላለሁ። የአለቃሽም ነገር ገብቶኛል። መኪናዋ በሰኔው ውድድር ከመጀመሪያዎቹ አስር ውስጥ ካልገባች ለሚቀጥለው ዓመት ከሌላ ቦታ ያለቀለት መኪና ገዝቶ፣ አንቺንና ሁለቱን ጓደኞችሽን አሰናብቶ የንድፍ ክፍላችሁን ይዘጋል። ሦስት ዓመት የለፋሽበት ነገር ነውና ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቀልድ የሆነብኝ ንድፉ ነው።

አፍንጫው አካፋ ነው። ይሁን፣ አካፋም ሠርቼ አውቃለሁ። ጎኑ ላይ ለራዲያተሩ የተውሽው ቀዳዳ አይጥ የጀመረችውን ሰው የጨረሰው ይመስላል። እሱም ይሁን። ጅራቱ ጋ ስደርስ ግን ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት፣ የቀረው በጀርባው የተሳለ መስሎኝ። ባዶ ነው። መኪናው እንደ ተጋዘ ግንድ በድንገት ያልቃል። ይህም እንዳይበቃው ጫፉ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ላሜራ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ጎረቤቴ አናጢው መጥቶ አየውና "ይሄ የምን ሳጥን ነው?" አለኝ። የእህቴ ልጅ ሥራ ነው አልኩት። "ታዲያ ክዳኑ የታለ?" አለ።

ፌንጣ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ መዳፍሽን ከአፍንጫ እስከ ጅራት ታስኬጃለሽ። መዳፍ የቆመበት ቦታ ስህተት ነው። ይህን ያስተማርኩሽ ቁመትሽ ከመኪና ኮፈን ሳያልፍ ነው። አንቺ የሳልሽው ላይ መዳፌ አይቆምም፣ ይወድቃል።

እስኪ ንገሪኝ፣ ማን አስገድዶሽ ነው?

አጎትሽ


ጥር 27

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ደብዳቤዎን በምሳ ሰዓት ለጓደኞቼ አነበብኩላቸው። ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ማን አስገደደሽ ላሉኝ፦ አየር ነው ያስገደደኝ። የሱፍ ክር በጣት ልክ ቆራርጠን የመኪናው ገላ ላይ እንለጥፋለን። መኪናው ሲሮጥ ከጎኑ በሌላ መኪና ሆነን ፎቶ እናነሳለን። አየሩ በሰላም በሚያልፍበት ቦታ ክሩ ይተኛል፣ በሚረበሽበት ይወዛወዛል። ጅራቱ ክብ ሲሆን አየሩ ክቡን ተከትሎ ይወርድና የመኪናውን ኋላ ወደ ላይ ይስበዋል። ሲቆረጥ ግን ከጠርዙ ተላቆ በቀጥታ ይሄዳል። ያቺ የጠሏት ሁለት ጣት ላሜራ፣ እኛ ከንፈር የምንላት፣ ደግሞ ኋላውን መሬት ላይ ትጫነዋለች። ይህ የሚሆነው ጠርዙ ስለትና ቀጥ ያለ ከሆነ ብቻ ነው። ሾፌራችን የመጨረሻው ኩርባ ውስጥ በሰዓት በሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ነው የሚገባው። እዚያ ቦታ ላይ የሚይዘው ያ ጠርዝ ነው።

ለምን ለትልቅ ፋብሪካ አልሰጠሽውም እንዳይሉኝ፦ ገንዘቡም ጊዜውም የለንም፣ ከእርስዎ የተሻለ እጅም አላውቅም። ሁለተኛውን ምክንያት ለአናጢው አይንገሩብኝ፣ ያናድድዎታል።

ጋሼ፣ እባክዎ አያሳምሩልኝ። የቤታችንን የፖስታ ሳጥን ያስታውሳሉ? እናቴ አራት ማዕዘን ሳጥን ለመነችዎት፣ እርስዎ እንደ ቀንድ አውጣ ጠቅልለው ሠሩት። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር። አፉ ወደ ሰማይ ስለሆነ ዝናብ ይጠጣ ነበር። ዩኒቨርሲቲ መግባቴን የሚነግረው ደብዳቤ ሊጥ ሆኖ ወጣ፣ ያነበብነው ፊርማውን ብቻ ነው። እስከ ሰኞ ድረስ መግባቴን ሳላውቅ ቆየሁ።

ይህ መኪና የፖስታ ሳጥን አይደለም። ውስጡ ሰው አለ።

ፌንጣ


የካቲት 19

ለፌንጣ፣

ጤና ይስጥልኝ። የፖስታ ሳጥኑን ነገር እስከ መቃብሬ ይዘሽው እንደምትሄጂ አሁን አረጋገጥኩ። ደብዳቤው ሊጥ ቢሆንም ገብተሻል፣ ይኸው ተምረሽ ታስቸግሪኛለሽ።

ምን ላይ እንደደረስኩ ለጠየቅሽኝ፦ አፍንጫው አልቋል። አካፋም ቢሆን አካፋዎች የሚቀኑበት አካፋ ነው። የጎኑን ቀዳዳም ቆርጬዋለሁ፣ ጠርዙን እንዳዘዝሽው። አናጢው ጭንቅላቱን አስገብቶ "ውስጡ ሰፊ ነው" ብሎ መስክሯል።

ስለ ጅራቱ ለጠየቅሽኝ፦ በመንገድ ላይ ነው።

ተጨማሪ ላሜራ ምን ያደርግልዎታል እንዳትዪኝ፣ አንዱን አናጢው ረገጠው። ሰውየው እግሩ የት እንዳለ አያውቅም። አንድ ሁለት ብትልኪ ጥሩ ነው።

እናትሽ ስለ ሸሚዜ ቁልፍ የጻፈችልሽን አትስሚ። ሳልቆልፈው የምወጣው ስለሚሞቀኝ ነው። ብርድ ነበር ካለችሽም፣ እሷ ሁልጊዜ ይበርዳታል። ኩባያዎቹንም አንስታለች አሉ። ሦስት ኩባያ ነው የሰበርኩት፣ ሦስቱም ዱሮም አያምሩኝም ነበር።

ይልቅ ልጠይቅሽ። ጠርዙ ስለት ባይሆን፣ ትንሽ ለስለስ ቢል፣ አየሩ በእርግጥ ያን ያህል ይቆጣል?

አጎትሽ


መጋቢት 9

ለተከበሩ ጋሼ፣

አዎ፣ ይቆጣል።

ሦስተኛውን ላሜራ ዛሬ ልኬያለሁ። እንደዚህ ያለ ላሜራ ከዚህ በኋላ መጋዘናችን ውስጥ የለም። የመጀመሪያውን አናጢው ረገጠው፣ ሁለተኛውን ደግሞ ነፋስ ጣለው ብለዋል። እርስዎ ግቢ ውስጥ ለላሜራ ብቻ የሚነፍስ ነፋስ አለ እንዴ?

አለቃዬ በየጠዋቱ ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፎ "የአጎትሽ ነገርስ?" ይለኛል። እኔም በየጠዋቱ "እየተሠራ ነው" እለዋለሁ። ሙከራው መጋቢት 29 ነው፣ አይገፋም።

አንድ ነገር ብቻ በአንድ ቃል ይመልሱልኝ። ጅራቱ እንደ ንድፉ ተቆርጧል ወይስ አልተቆረጠም?

ፌንጣ


መጋቢት 24

ለፌንጣ፣

ይህን ደብዳቤ አፍንጫው ውስጥ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ። ካገኘሽው ሳጥኑ ደርሷል ማለት ነው። አናጢው ነው የጠቀለለውና ያሰረው። እንዳይንኳኳ ያገኘውን ሁሉ ሸጉጥበት ብዬዋለሁ፣ ቋጠሮ ላይ ከእኔ ይሻላል።

የዘገየሁት ለምን እንደሆነ ለጠየቅሽኝ መልሱ ጅራቱ ላይ ነው። በአንድ ቃል ይመልሱ ያልሽውን ግን አልችልም። በአንድ ቃል መልሼ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ሚስት ትኖረኝ ነበር።

ጅራቱን ስታዪው አትጩሂ። ቁጭ በዪ፣ ውሃ ጠጪ፣ ከዚያ ዓይንሽን ጨፍነሽ መዳፍሽን አስኪጂበት። አየር ማለት መዳፍ ነው። የእኔ መዳፍ ሳይቆም የሚወርድበት ቦታ የአየሩ መዳፍ ለምን ይቆማል? ፍጥነት ያለው ነገር ሁሉ ጀርባው ወደ ኋላ እየቀጠነ ነው የሚያልቀው። ዓሣን እይ፣ ወፍን እይ። በመጋዝ የተቆረጠ ዓሣ አይተሽ ታውቂያለሽ? አይተሻል፣ ገበያ ላይ፣ ሞቶ።

አሁን እየተናደድሽ እንደሆነ ይታየኛል። አፍንጫሽ ላይ ያለችው ጅማት ተነስታለች። አንድ ጊዜ ብቻ እመኚኝ።

ሾፌሩን ሰላም በዪልኝ።

አጎትሽ


መጋቢት 30

ለአቶ አጎቴ፣

ደህና እንደሆንኩ አልጠየቁም። ደህና አይደለሁም።

ሳጥኑ የደረሰው የሙከራው ዋዜማ ነው። ስንከፍተው ሁሉም ከሥራው ተነስቶ መጣ። ማጋነን አይደለም፣ ቀለም ቀቢው እንኳ ጓንቱን አውልቆ ዳበሰው። አለቃዬ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሮ "ይሄ መኪና ቆሞም ይሮጣል" አለ። ሁሉም ፎቶ አነሱ። እኔ ብቻ ነኝ ጅራቱን አይቼ የተቀመጥኩት። ክብ ነው። እንደ ዳክዬ ቂጥ ክብ ነው። ጠርዝ የለውም፣ ከንፈር የለውም፣ ከሳልኩት ውስጥ አንድም መስመር የለበትም።

ሌላ ጅራት አልነበረንም። መኪናውን ማስወጣት አልነበረብኝም፣ ይህን ለራሴ ነግሬዋለሁና እርስዎ አይንገሩኝ። አስወጣሁት።

ሾፌራችን ብዙ አያወራም። አራተኛው ዙር ላይ የመጨረሻው ኩርባ ውስጥ ኋላው ተንሳፈፈበት። ሦስት ጊዜ ተሽከረከረና አሸዋው ውስጥ ገባ። እጁን ይዞ ወጣ። የእጅ አንጓው ተጣሟል እንጂ አልተሰበረም፣ በሦስት ሳምንት ይድናል ብለዋል። የተናገረው "ኋላዬ ላይ ማንም አልነበረም" ብቻ ነው። ያንን ሲል ፊቱን ማየት አልቻልኩም፣ መሬት መሬት ነበር የማየው።

አለቃዬ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ሰጥቶኛል። ከዚያ በኋላ ሰኔንም አልጠብቅም ብሏል።

ጋሼ፣ ዓሣ በሰዓት ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር አይዋኝም። በልጅነቴ እርስዎ የሚሉትን ሁሉ አምን ነበር። አንድ ጊዜ እመኚኝ ብለው ጻፉልኝ፣ እኔ ግን እመኑኝ እንኳ አላልኩዎትም። የምለምነው ንድፉን እንዲያምኑ ብቻ ነበር። ከዚህ በኋላ የማስበው ሌላ ሠራተኛ መፈለግ ነው። ይህ ደብዳቤ መልስ አያስፈልገውም።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 1

ጋሼ፣

የትናንትናው ደብዳቤ ፖስታ ቤት ገብቷል፣ መመለስ አልቻልኩም። ቀድሞ ይደርስዎታል። ከቻሉ ይህን መጀመሪያ ያንብቡት።

ዛሬ ጠዋት የመጋዘን ጠባቂያችን "ከአጎትሽ ሳጥን የወጡትን አሮጌ ብርድ ልብሶች ልጣላቸው?" ብላ ጠየቀችኝ። ጣያቸው አልኳት። አንዱን ስታነሳ ከውስጡ ብረት ወደቀ። ሄጄ አየሁ። ጅራት ነው። የተቆረጠ ጅራት፣ ከነከንፈሩ፣ ልክ እንደ ንድፉ። ሌላውን ብርድ ልብስ ፈታሁ፣ ሌላ ጅራት። ሦስተኛውንም ፈታሁ።

በእርሳስ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ጽፈውባቸዋል፣ ከነቀኑ። በኖራ ያሰመሩት መስመር አሁንም አልጠፋም። ሚሊ ሜትር አልሳተም። ጠርዙ ከጫፍ ሲነሳ ስለት ነው። ከመሃል አልፎ መወላገድ ይጀምራል። የመጀመሪያው ትንሽ፣ ሁለተኛው ከዚያ የባሰ፣ ሦስተኛው እንደ እባብ ነው። ሦስተኛው ላይ ጠርዙ አጠገብ የደረቀ ደም አለ፣ ከደሙ በኋላም መዶሻው አላቆመም። ደሙ ላይ የመዶሻ ምልክት አለ።

አናጢው አልረገጣቸውም። ነፋስም አልጣላቸውም።

አሁን የሸሚዝዎን ቁልፍ አስታወስኩ። ኩባያዎቹን አስታወስኩ። ቋጠሮውን አናጢው እንዳሰረው የጻፉልኝን ደግሜ አነበብኩ።

የትኛው እጅ ነው? ከመቼ ጀምሮ? ሐኪም አይተዋል? እናቴ ታውቃለች? ይምጡ፣ እዚህ ይሁኑ፣ እኔ መዶሻውን እይዛለሁ፣ እርስዎ ይነግሩኛል። ለምን አልነገሩኝም?

ፌንጣ


ሚያዝያ 12

ለፌንጣ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎች ደረሱኝ። በቅደም ተከተል ነው ያነበብኳቸው፣ ከላይ "አቶ አጎቴ" የሚለውን ስላየሁ የሚገባኝ መሰለኝ። አናጢውን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሰላም አላልኩትም። ያገኘኸውን ሁሉ ሸጉጥ ስለው ጥግ ላይ የደበቅኩትን ሸጎጠው። አጥብቆ ጠቅልሏቸዋል ደግሞ።

ሁለቱም እጅ ነው፣ ቀኙ ይብሳል። ሁለት ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ ትንሿ ጣት ደንዝዛ ተኛች፣ ከዚያ ጎረቤቷን ጠራች። አሁን መዳፌ የሌላ ሰው ጓንት ነው። ሐኪም አይቼዋለሁ። "መዶሻ ለምን ያህል ጊዜ ይዘዋል?" አለኝ። አርባ ዓመት ስለው መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። እናትሽ ቁልፉን ታውቃለች፣ የቀረውን አታውቅም። አንቺ ትነግሪያታለሽ፣ እኔ ቤት አልኖርም።

ለምን አልነገርኩሽም? አፍንጫው ክብ ነው፣ ክብን ዓይኔ ይጨርስልኛል። ቀጥ ያለ ጠርዝ ግን የጣት ሥራ ነው። ብነግርሽ ለሌላ ትሰጪዋለሽ ብዬ ፈራሁ። ለሌላ መስጠት ነበረብሽ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ አራተኛ ላሜራ አልነበረም፤ ስለዚህ የተወላገደውን የመጨረሻ ጅራት እንደገና ላለማየት የተረፈኝን ቁርጥራጭ በየድኩና ክብ አደረግሁት። ከዚያ ተቀምጬ ስለ ዓሣና ስለ ወፍ የጻፍኩልሽን ጻፍኩ። ስጽፈው ግማሹን አምኜው ነበር።

ሾፌሩን ይቅርታ ጠይቂልኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀልድ አደረግሁት። አሁን እንዲሁ ይቅር።

ይምጡ ላልሽው፣ አልመጣም። ብመጣ መዶሻውን ከእጅሽ እቀማሻለሁ። አንቺ ነሽ የምትሠሪው። ላሜራ አልቋል ካልሽኝ፣ የእኔን ክብ ጅራት ገንጥለሽ ዘርጊው፣ ለከንፈሩና ለጠርዙ ይበቃል። አትሳሺለት።

ሁለት የማዕዘን ብረት ፈልጊ፣ ጠርዛቸው ያልተበላ። ላሜራውን በመካከላቸው አድርገሽ በሞርሳ አስነክሰሽ አጥብቂው፣ በጫፎቹም በመሃሉም። የብረት መዶሻ እንዳትነኪ፣ የእንጨት ይሁን። ከመሃል ጀምሪ። አንድ ወደ ግራ፣ አንድ ወደ ቀኝ፣ እንደገና አንድ ወደ ግራ። ከጫፍ ከጀመርሽ ላሜራው ይሸሻል፣ የሸሸው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ያብጣል። በአንድ ዙር ልታጥፊው አትሞክሪ። በመጀመሪያው ዙር እንዲያስብበት አድርጊው፣ በሁለተኛው አሳምኚው፣ በሦስተኛው ጨርሺው። ሲደክምሽ አቁሚ። አለቃሽ ጠረጴዛ ላይ ሲደገፍም አቁሚ።

ስትጨርሺ ዓይንሽን ጨፍነሽ መዳፍሽን አስኪጂበት። አንቺ መዳፍ አለሽ።

አሁንም አስቀያሚ ነው። ስለታመምኩ አሳቤን የቀየርኩ እንዳይመስልሽ።

አጎትሽ


ሰኔ 25

ለፌንጣ፣

እንኳን ደስ ያለሽ። የግንቦቱን ሙከራ አልፈሽ በሰኔው ውድድር ስምንተኛ። ሰባት መኪና ቀድሞሻል፣ የሰባቱም ጅራት የተቆረጠ ነው ብለሽ ከጻፍሽልኝ በኋላ አናጢው ስንት ቀን እንደሚስቅብኝ ገምቺ። አዎ፣ ታርቀናል። የቼዝ ጓደኛ እሱ ብቻ ነው ያለኝ፣ እሱም ጠጠሮቹን የሚያነሳልኝ ስለሆነ በደንብ ይሸነፍልኛል።

ክፍላችሁ እንደማይዘጋ አለቃሽ በጽሑፍ ሰጠሽ ወይስ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ነው የነገረሽ? በጽሑፍ ተቀበዪ።

ሾፌሩ ስለ መጨረሻው ኩርባ ያለውን ለእናትሽ አነበብኩላት። "አሁን ኋላዬ ላይ ሰው አለ።" ሸሚዜን ቆለፈችልኝ።

በውድድሩ የሮጠው፣ አንቺ የሠራሽው ጅራት እንደደረሰኝ ለጠየቅሽኝ፦ ደርሷል። መኪናው ላይ ሌላ አዲስ ካሠራችሁ በኋላ ይህን ምን እንዳደርግበት እንደላክሽልኝ አልገባኝም። በመጀመሪያ ሞርሳው ላይ አስሬ አየሁት። ከዚያ መዳፌን አስኬድኩበት፣ መዳፌ ምንም አላለኝም። አናጢው "እኔ ልንካልህ?" አለኝ። ተው አልኩት። ጎንበስ አልኩና ጉንጬን ከጠርዙ ላይ አድርጌ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድኩ። ሞኝ እንደምመስል አውቃለሁ፣ አናጢውም አውቆታል።

በግራ በኩል ከጫፉ አራት ጣት ገባ ብሎ ፀጉር የምታህል እብጠት አለች። ከጫፍ ነው የጀመርሽው። ከመሃል ብዬሽ አልነበረም? መቼም አትሰሚም፣ የፖስታ ሳጥኑን ጊዜ ብቻ ነው የምታስታውሺው። ከእብጠቷ ወዲህ ያስተካከልሽው ግን የእኔ ቢሆን አላፍርበትም ነበር።

ሌላው ሁሉ ቀጥ ያለ ነው። አስቀያሚና ቀጥ ያለ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ጉንጬን ትንሽ ቆረጠኝ።

ተሰማኝ።

አጎትሽ